የእንግሊዝ የባሕር ዳር ፒየሮች፦ ለምን ተሠሩ? ምንስ ያፈርሳቸዋል?

በዲሴምበር 2022 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የምትገኘው ሳውዝፖርት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ባሕር የሚዘልቀውን፣ በምሰሶዎች ላይ የቆመውን መንሸራሸሪያዋን፣ ፒየሯን፣ ዘጋች። ከ1860 ጀምሮ ሰው ሲመላለስበት የኖረው ግንባታ ወለሉ ለእግረኛ የማያስተማምን ሆኖ ተገኝቶ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቆይቶ ደግሞ በደቡብ ጠረፍ፣ ብራይተን ላይ፣ ለአሥርተ ዓመታት በነፃ ይገባበት የነበረው ፓላስ ፒየር የከተማዋ ነዋሪ ያልሆነውን ጎብኚ አንድ ፓውንድ ማስከፈል ጀመረ። አንዱ ዜና የመዘጋት፣ ሌላው የመግቢያ ዋጋ ቢመስልም ምንጫቸው አንድ ነው፦ ፒየር ለመቆም የሚጠይቀው ገንዘብና ከጎብኚ የሚያገኘው ገንዘብ አልመጣጠን ማለታቸው።

ስለ ፒየሮች መጥፋት ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው እሳትና ማዕበል ነው። የዜና ፎቶ የሚነሣው ጭሱ ሲወጣ ስለሆነ ይህ አያስገርምም። የየአንዳንዳቸውን ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሶ ላየ ግን ከቃጠሎው አስቀድሞ ብዙ ጊዜ የተዘለለ ጥገና፣ የከሰረ ኩባንያ ወይም መምጣት ያቆመ ጎብኚ ያገኛል። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ያንን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፒየር ምን ዓይነት ግንባታ ነው?

ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በምሰሶዎች ላይ ወደ ውኃው የሚዘልቅ፣ ማዶ የማያሻግር ድልድይ ነው ማለት ይቻላል። ከላይ በእንጨት የተረበረበ ወለል፣ ከሥር የብረት ወይም የእንጨት ቋሚዎች፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ መድረክ አለው። ከወደብ ግንብ ጋር መምታታት የለበትም። የወደብ ግንብ ማዕበሉን እንዲገታ የሚሠራ የድንጋይ አጥር ነው፤ ፒየር ግን ውኃው በእግሮቹ መካከል እንዲያልፍ ክፍት ሆኖ ይሠራል። «የመዝናኛ ፒየር» የሚባለው ሕዝብ ለመንሸራሸር፣ ሙዚቃ ለመስማት፣ ቲያትር ለማየት ወይም ለመጫወት የሚገባበት ዓይነት ነው። ዓሣ የሚራገፍበት ወይም የጦር መርከብ የሚቆምበት መድረክ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

ወደ ባሕሩ መዝለቅ ለምን አስፈለገ?

የእንግሊዝን ጠረፍ የሚያጥበው ውኃ ባለበት አይቆምም። በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሐይቅ ብቻ ያየ ሰው ልዩነቱን ለመገመት ይቸገራል። ዳርቻው ዝርግ በሆነበት ቦታ ባሕሩ ሲሸሽ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር፣ አንዳንድ ቦታም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጭቃና አሸዋ አጋልጦ ይሄዳል። ጠዋት ጀልባ የሚንሳፈፍበት ስፍራ ከሰዓት በኋላ ጫማ የሚውጥ ረግረግ ይሆናል።

በዋይት ደሴት ላይ ያለችው ራይድ በዚህ የተነሣ ተቸግራ ነበር። ከዋናው ምድር በጀልባ የመጣ መንገደኛ ውኃው በሸሸበት ሰዓት ከደረሰ፣ ወይ በሰው ጀርባ ታዝሎ ወይ በፈረስ ጋሪ ተጭኖ ጭቃውን ይሻገራል። በ1814 የተከፈተው የራይድ ፒየር ይህንን ፈታ፤ ጀልባዋ ወደ ምድሩ መጠጋት ካልቻለች መሄጃው ጀልባዋ ድረስ ይርዘም ተባለ። ዛሬ 700 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፣ ባቡርም ይሄድበታል። ከመዝናኛ ፒየሮች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው።

ሳውዝኤንድም እንዲሁ ነች። ከለንደን በቴምዝ ወንዝ የሚወርዱ የእንፋሎት መርከቦች ሰው የሚያወርዱበት ቦታ አጥተው በአጠገቧ ያልፏት ነበር። በ1830 የመጀመሪያውን የእንጨት ፒየር ሠራች፣ ከዚያም እያረዘመች ሄደች። በ1889 የተከፈተው የብረቱ ፒየር ዛሬ ከ2.1 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በዓለም ላይ ረጅሙ የመዝናኛ ፒየር ነው። ርዝመቱን የወሰነው የባሕሩ ጠባይ ነው፤ እዚያ ውኃው ሲሸሽ ከአንድ ማይል በላይ ይርቃልና።

ማንም ያላቀደው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጀልባ የማይሳፈሩ ሰዎችም ፒየሩ ላይ መሄድ ወደዱ። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ሪቻርድ ራስል የተባለው ሐኪም የባሕር ውኃ መታጠብ ብቻ ሳይሆን መጠጣትም በሽታ እንደሚያሽር ጽፎ ብራይተንን የሕሙማን መናኸሪያ አድርጓት ነበር። የባሕር አየርም እንደ መድኃኒት ይታይ ጀመር። ፒየር ታዲያ ሳያቅለሸልሽ፣ ልብስም ሳይረጥብ በባሕሩ መካከል ቆሞ ያንን አየር ለመሳብ የሚያስችል ብቸኛ መንገድ ሆነ። ብራይተን ላይ የባሕር ኃይል መኮንኑ ሳሙኤል ብራውን በ1823 የከፈተው፣ በሰንሰለት የተንጠለጠለው ፒየር ወደ ፈረንሳይዋ ዲየፕ የሚሄዱ መርከቦችን ለማሳፈር የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን የተሸከሙት ማማዎች ውስጥ ትንንሽ ሱቆች ተከፍተውበት የመንሸራሸሪያ ቦታ ሆነ።

በአሸዋ ላይ ያን ያህል ክብደት እንዴት ይቆማል?

የመጀመሪያዎቹ ፒየሮች የእንጨት ግንድ በመዶሻ እየተመታ የተተከለባቸው ነበሩ። እንጨቱን ግን የባሕር ትል ይበላዋል። ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ የሚመስል ምሰሶ ውስጡ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ይገኛል።

መልሱን ያመጣው የዓይን ብርሃኑን በወጣትነቱ ያጣው የቤልፋስቱ መሐንዲስ አሌክሳንደር ሚቸል ነው። በ1833 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሥራ ጫፉ ላይ ሰፊ ጥርስ ያለው የብረት ምሰሶ ነው፤ እየተሽከረከረ ወደ አሸዋው ይገባና ሰፊው ጥርስ ክብደቱን ይሸከማል። መጀመሪያ አካባቢ ለመርከብ መንገድ ለሚያሳዩ የመብራት ማማዎች ውሎ ነበር። ዩጂኒየስ በርች የተባለው መሐንዲስ በ1850ዎቹ አጋማሽ ማርጌት ላይ ለፒየር ተጠቀመበት። በርች በሕይወቱ 14 ፒየሮች ሠርቷል፤ የብላክፑል ሰሜን ፒየር፣ የብራይተን ምዕራብ ፒየር፣ የኢስትቦርንና የሄስቲንግስ ፒየሮች የእሱ እጅ ውጤቶች ናቸው። ሳውዝፖርት ላይ ደግሞ ጄምስ ብራንሊስ ሌላ ዘዴ ተጠቀመ፤ በባዶው ምሰሶ ውስጥ ውኃ በግፊት እየለቀቀ አሸዋውን በማላላት ምሰሶው በራሱ ክብደት እንዲሰምጥ አደረገ። በእነዚህ ዘዴዎች ፒየር መሥራት ፈጣንና ከቀድሞው ርካሽ ሆነ። ማቆየቱ ግን ርካሽ አልሆነም፤ ያኔ ይህንን ያሰበበት ሰው የነበረ አይመስልም።

ገንዘቡ ከየት ነበር የሚመጣው?

ከነጋዴዎች፣ ከባለ ሆቴሎች፣ ከባቡር ኩባንያዎች፣ ትርፍ ፍለጋ አክሲዮን ከሚገዙ የከተማ ሰዎች። ፒየር መርከብ በሚሄድበት ውኃ ላይ የሚቆም ነገር ስለሆነ ቀድሞ እያንዳንዱ የራሱ የፓርላማ ሕግ ያስፈልገው ነበር። በ1861 የወጣው የፒየርና የወደብ ሕግ ይህንን አቀለለው። በዚያው ዘመን ባለአክሲዮን ከከፈለው በላይ በዕዳ የማይጠየቅበት የኩባንያ ሕግም ወጥቶ ነበር። ሁለቱ ሲገጣጠሙ የጠረፍ ከተሞች እርስ በርስ እየተፎካከሩ መሥራት ጀመሩ። ጎረቤት ከተማ ፒየር ካላት የእኛም ይኑራት፣ ይርዘምም ተባለ።

ጎብኚውን ያመጣው ባቡር ነው። የለንደን ባቡር ብራይተን የደረሰው በ1841 ነው፤ ብላክፑል ደግሞ በ1846 ባቡር አገኘች። በ1871 የወጣው ሕግ ባንኮች የሚዘጉባቸውን ተጨማሪ የበዓል ቀናት ሲደነግግ፣ ከእነዚያ አንዱ የኦገስት የመጀመሪያው ሰኞ ነበር፤ የበጋው እምብርት። የሄስቲንግስ ፒየር የተመረቀው በዓመቱ፣ ኦገስት 5 ቀን 1872፣ በዚሁ በዓል ነው። በላንካሸር የጥጥ ፋብሪካዎች ደግሞ አንድ ከተማ ሙሉ በአንድ ሳምንት ሥራ ያቆማል፤ ማሽኖቹ ይጠገናሉ፣ ሠራተኛው ተጠራርቶ ብላክፑል ይወርዳል። ሌላው ሳምንት የሌላ ከተማ ተራ ነው። ፒየሮቹ ክረምቱን የሚያልፉት በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት በሰበሰቡት ሳንቲም ነበር።

መግቢያው አንድ ወይም ሁለት ፔኒ ነው። ትንሽ ቢመስልም ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ ይወስን ነበር። ብላክፑል ይህንን በግልጽ ታሳያለች። በ1863 የተከፈተው የሰሜን ፒየር ኦርኬስትራ የሚሰማበት፣ የጨዋ ቤተሰብ መንሸራሸሪያ ሆነ። በ1868 የተከፈተው፣ ዛሬ ማዕከላዊ የሚባለው፣ ወለሉን ለዳንስ ከፍቶ የፋብሪካ ሠራተኛውን ጠራ። ሦስተኛው በ1893 ተጨመረ። ሦስቱም ዛሬ አሉ፤ ሦስት ፒየር ይዛ የቀረች ሌላ የእንግሊዝ ከተማ የለችም።

በላዩ ላይ ምን ይደረግ ነበር?

መጀመሪያ ብዙም ምንም። መቀመጫ፣ የጋዝ መብራት፣ የንፋስ መከለያ። ከ1880ዎቹ ወዲህ ግን ንጹሕ አየር ብቻውን ሰው መሳብ አቃተውና ጫፍ ላይ ቲያትርና የሙዚቃ አዳራሽ መገንባት ተጀመረ። የሕንድና የምሥራቅ ቤተ መንግሥት የሚያስመስሉ ጉልላቶች የመጡት ያኔ ነው። ከፒየር ጫፍ ወደ ባሕር የሚዘሉ ጠላቂዎች፣ ቀልደኞች፣ የእንፋሎት መርከብ ሽርሽር፣ ሳንቲም የሚጎርሱ ማሽኖች ተከተሉ። በኖርፎክ የምትገኘው ክሮመር በ1901 የከፈተችው ፒየር ጫፍ ላይ ያለው ቲያትር ዛሬም የበጋና የገና ትርኢት ያቀርባል፤ በሌላው ቦታ ሁሉ የጠፋ ልማድ ነው።

በዚህ ዘመን እድሳትም በፍጥነት ይደረግ ነበር። ዎርዚንግ ከተማ በ1933 የፒየሯ የባሕር በኩል አዳራሽ ተቃጠለባት፤ በ1935 የሚያምር ነጭ አዳራሽ ተክታ ከፈተች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት እንግሊዝ ሲገቡ፣ ባዝ ከመቀመጣቸው በፊት፣ በ1936 ያረፉት በዚሁ ዎርዚንግ ባሕር ዳር፣ ዋርንስ በተባለው ሆቴል ነበር። የዎርዚንግ እሳት ብዙ የሚያስተምር ነው። ከተማዋን የፒየሩን አዳራሽ ያሳጣት እሳት ፒየሩን ራሱን አላጠፋባትም፤ ጎብኚ ስለነበራት መልሳ ሠራች።

ባሕሩ በየዓመቱ ምን ይወስዳል?

ብረት ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ከሆነ ቀስ ብሎ ይዝጋል፣ ሁልጊዜ ደረቅ ከሆነም እንዲሁ። እጅግ የሚጎዳው መካከሉ ላይ ያለው ነው፤ በጨው ውኃ እየተረጨ፣ እየደረቀ፣ እንደገና እየተረጨ የሚኖረው። የፒየር እግሮች ወሳኝ ክፍል የሚገኘው ልክ እዚያ ነው። ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳው የድሮ ብረት ዝገትን ይችላል፣ ነገር ግን ሲመቱት እንደ ሸክላ ይሰበራል። ምሰሶዎቹን የሚያያይዙት ቀጫጭን ዘንጎች ደግሞ ሳይሰበሩ ቢታጠፉም ቶሎ ይበላሉ። ወለሉ እንጨት ነው፤ በዝናብ፣ በጨውና በጫማ ያልቃል። ስለዚህ አንድ ፒየር ጥገናው የሚጠናቀቅበት ቀን የለውም፤ ከአንድ ጫፍ ጀምረው ሌላው ሲደርሱ የመጀመሪያው ተራ ይደርሳል። የጭቃ ቤት ያለው ሰው ይህንን አሳምሮ ያውቀዋል፦ ክረምት በወጣ ቁጥር ምርጊቱ ካልታደሰ፣ ግድግዳው የሚወድቅበትን ዓመት መገመት ብቻ ነው የሚቀረው።

በዚህ ላይ አውሎ ነፋስ አለ። የብራይተኑ ባለሰንሰለት ፒየር በዲሴምበር 1896 በአንድ ሌሊት ተነቀለ፤ ፍርስራሹ እየተንሳፈፈ ሄዶ በግንባታ ላይ የነበረውን ፓላስ ፒየርንና ምዕራብ ፒየርን አቆሰለ። በጃንዋሪ 1978 በምሥራቅ ጠረፍ የተነሣው ማዕበል በአንድ ጊዜ የማርጌትን፣ የኸርን ቤይን፣ የኸንስታንተንንና የስኬግነስን ፒየሮች ሰባበረ። ከኸርን ቤይ የቀረው ጫፉ ነው፤ ከምድር ጋር ሳይገናኝ ባሕሩ መካከል ቆሟል።

መርከብም አለ። ወደ ባሕር የተዘረጋ ረጅም ነገር በጨለማና በማዕበል ለሚነዳ መርከብ ወጥመድ ነው። የዮርክሸሯ ዊዘርንሲ በ1877 የከፈተችው ፒየር 360 ሜትር ገደማ ነበር። በ1880 መርከብ ሰንጥቆት አለፈ፤ በ1882 ማዕበል ጫፉን ወሰደው፤ በ1890 ሌላ መርከብ ከቀረው ከግማሽ በላይ አፈረሰ፤ በ1893 ሌላ መጣ። የተረፈችው ጥቂት ሜትር በመጨረሻ ተነሣች። መግቢያው ላይ የነበሩት ቤተ መንግሥት መሰል ሁለት ማማዎች ብቻ አሁን ባሕር ዳር ላይ ይታያሉ።

ጦርነቱስ ምን አደረገ?

በ1940 የጀርመን ጦር ከፈረንሳይ ጠረፍ ተሻግሮ ሊወርር ይችላል የሚል ሥጋት ነበር። ፒየር ደግሞ ለወራሪ የተዘጋጀ ማራገፊያ ነው። ስለዚህ በደቡብና በምሥራቅ ጠረፍ የነበሩት ብዙዎቹ መካከላቸው ተቆርጦ ክፍተት እንዲኖራቸው ተደረገ። የማይንሄድ ፒየር ከነጭራሹ ፈረሰ፤ ለባሕር መድፎች እይታ ይከልል ነበርና። ሳውዝኤንድ ግን በተቃራኒው የባሕር ኃይል ተረክቦት የጭነት መርከቦች በአጀብ የሚሰለፉበት ማዘዣ ሆነ።

ከጦርነቱ በኋላ ካሳ ቢከፈልም ብረትና እንጨት በራሽን ነበር፤ ቅድሚያ የሚሰጠውም ለመኖሪያ ቤት ነው። ስድስትና ሰባት ዓመት ቀለም ሳይቀቡ፣ ሳይጠገኑ የቆዩ ፒየሮች ወደ ሰላሙ ዘመን የገቡት የተከማቸ ዕዳ ይዘው ነበር።

ታዲያ ጎብኚው መቼ ቀረ?

ወዲያው አልቀረም። ከደመወዝ ጋር ዕረፍት መስጠትን የሚያበረታታው ሕግ በ1938 ወጥቶ ስለነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ ያሉት ዓመታት የባሕር ዳር ከተሞች እንደገና የተጨናነቁበት ጊዜ ነው። ለውጡ የመጣው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ነው። የአውሮፕላን ቲኬትንና ሆቴልን በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ መሸጥ ተስፋፋ፤ የማንቸስተር ሠራተኛ በብላክፑል ዝናብ ሊጥልበት በሚችለው ሳምንት ፈንታ ስፔን ሄዶ ፀሐይ ማግኘት ቻለ። በዚያው ዘመን ብዙ የቅርንጫፍ ባቡር መስመሮች ተዘጉ። መኪና የገዛ ቤተሰብም በአንድ ከተማ ሳምንት ከመቀመጥ ይልቅ ለግማሽ ቀን ብቅ ብሎ መመለስን መረጠ። የእንፋሎት መርከቦቹ ሲቀሩ የፒየሩ ጫፍ የመጀመሪያ ሥራውን አጣ።

ባለቤቶቹ ቀዳዳውን የሞሉት በመጫወቻ ማሽን ነው። በ1960 የወጣው የቁማር ሕግ ለሳንቲም ማሽኖች በር ከፍቶላቸው ነበር። ማሽኖቹ ገንዘብ ያስገባሉ፤ ነገር ግን ገቢው ያለው መግቢያው አካባቢ ነው። ሰው ከፊት ለፊት ባለው አዳራሽ ተጫውቶ ይወጣል፣ 400 ሜትር ወደ ውስጥ አይሄድም። ባለቤቱም ገንዘብ ከማያስገባው ጫፍ ይልቅ የሚያስገባውን መግቢያ ይጠግናል። ጫፉ ይዘጋል፣ ከዚያ መካከሉ። ብዙ ፒየሮች ያጠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ እኔ ከታሪኩ ሁሉ ዋናው ቁልፍ ይህ ይመስለኛል።

ለምን ቶሎ ቶሎ ይቃጠላሉ?

ለማቃጠል የተመቹ ስለሆኑ ነው። ወለሉ ደረቅ እንጨት ነው፣ ከሥሩ አየር በነፃ ይገባል፣ የባሕር ነፋስ ያራግበዋል። እሳት አጥፊዎች የሚደርሱበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ያውም እየነደደ ያለው ወለል ራሱ። ባሕሩ ሸሽቶ ከሆነ በሥሩ ያለው ጭቃ እንጂ ውኃ አይደለም። ሳውዝኤንድ በ1959፣ በ1976፣ በ1995 እና በ2005 ተቃጥሏል። በ1959 እሳቱ የተነሣው በምድር በኩል ስለነበር ጫፉ ላይ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጀልባ ነው የወጡት። በ1986 ደግሞ መርከብ ለሁለት ቆርጦት አለፈ። አሁንም ክፍት ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በቅርስነት መመዝገብ አያድናቸውም?

መመዝገብ ማፍረስን ይከለክላል እንጂ ገንዘብ አይሰጥም። የብራይተን ምዕራብ ፒየር ይህንን በመራራ መንገድ አሳይቷል። በርች ሠርቶት በ1866 የተከፈተው ይህ ፒየር ብዙዎች ከሁሉም ውብ የሚሉት ነበር። ባለቤት የነበረው ኩባንያ የጥገናውን ወጪ መሸከም አቅቶት በ1975 ተዘጋ። በ1982 ከፒየሮች የመጀመሪያው ሆኖ ከፍተኛውን የቅርስ ደረጃ አገኘ። ከዚያ ሃያ ዓመት ባዶውን ቆመ። በ1998 ከገቢው ለቅርስ ጥገና ከሚሰጠው ብሔራዊ ሎተሪ 14.2 ሚሊዮን ፓውንድ ተፈቀደለት፤ ክርክርና የሕግ ሙግት ግን ሥራውን አዘገየው። በዲሴምበር 2002 ከፊሉ ተደርምሶ ባሕር ገባ፣ በ2003 በማርችና በሜይ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ፣ በ2004 ሎተሪው ገንዘቡን ተወ። ዛሬ የሚታየው የብረት አጽሙ ነው። እሳቱን የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው፤ ከእሳቱ በፊት የነበሩትን 28 የተዘጉ ዓመታት የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው።

ሕዝቡ ቢገዛውስ? የሄስቲንግስ ታሪክ

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ከባዱ ነው፤ ምክንያቱም ሄስቲንግስ ላይ ሊደረግ የሚገባው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ተደርጓል።

የሄስቲንግስ ፒየር በ1960ዎቹ ሮሊንግ ስቶንስና ጂሚ ሄንድሪክስ የተጫወቱበት መድረክ ነበር። ከዚያ ባለቤት እየተቀያየረበት አርጅቶ በ2008 ለደኅንነት ሲባል ተዘጋ። ኦክቶበር 5 ቀን 2010 ሌሊት በእሳት ወለሉና በላዩ ያሉት ሕንፃዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ጠፉ። የከተማው ሰዎች አልተቀመጡም። ዘመቻ አካሄዱ፤ የከተማው ምክር ቤት ጥሎት ከጠፋው ባለቤት በሕግ አስገድዶ ወስዶ በነዋሪዎች ለተቋቋመ በጎ አድራጎት ድርጅት አስረከበ። ሎተሪው ትልቁን ድርሻ ሰጠ፤ ሦስት ሺህ ያህል ሰዎች ደግሞ ከኪሳቸው አክሲዮን ገዙ። በ14.2 ሚሊዮን ፓውንድ ታድሶ በኤፕሪል 2016 ተከፈተ።

አርክቴክቶቹ ጫፉን በሕንፃ አልሞሉትም። ሰፊ፣ ባዶ የእንጨት ሜዳ አድርገው ተዉት፤ ኮንሰርትም፣ ገበያም፣ ሰርከስም እንደየወቅቱ እንዲያስተናግድ። ከቃጠሎው የተረፈው እንጨት ለወንበርና ለአዲሱ ሕንፃ ግድግዳ ዋለ። በኦክቶበር 2017 መጨረሻ የብሪታንያ ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ስተርሊንግን፣ አሸነፈ። በቀጣዩ ወር ድርጅቱ ወጪውን መሸፈን አቅቶት በኪሳራ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ። በ2018 በ60 ሺህ ፓውንድ ገደማ እንደተሸጠ ተዘገበ። ገዢው ያኔ የኢስትቦርን ፒየርም ባለቤት የነበረ የሆቴል ነጋዴ ነው። አክሲዮን የገዙት ነዋሪዎች ብዙ አዝነዋል፤ ሐዘናቸው ይገባኛል።

ምን ጎደለ? የግንባታ ገንዘብ አልነበረም የጎደለው። የእድሳት ዕርዳታ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ዝገቱ ግን በየዓመቱ ይመጣል። ባዶው ሜዳ ውብ ነበር፣ በጃንዋሪ ዝናብና ነፋስ ግን ገቢ የሚያመጣ ጣሪያ አልነበረውም። ለጋሾች ለሚታይ ሥራ በቀላሉ ይከፍላሉ፤ ለቀለም፣ ለመድን፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ ምሰሶ ለሚመረምር ጠላቂ የሚከፍል ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የሽልማት ዳኞቹም፣ ገንዘብ ሰጪዎቹም፣ ነዋሪዎቹም ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። የአሥር ዓመቱን የጥገና ሂሳብ ከመጀመሪያው የሚሸፍን ፈንድ አብሮ ቢቋቋም ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር።

የቆሙትስ እንዴት ቆሙ?

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መቶ ያህል የነበሩት የብሪታንያ ፒየሮች ዛሬ ከግማሽ ብዙም አይበልጡም። የተረፉት አንድ ዓይነት መንገድ አልተከተሉም።

ሳውዝኤንድ የቆመው የከተማው ንብረት ስለሆነ ነው። ምክር ቤቱ በ1980 ሊዘጋው ወስኖ ነበር፤ ተቃውሞው በርትቶ ሐሳቡን ለወጠ። ከዚያ በኋላ ለደረሰው እሳትና የመርከብ አደጋ የሚከፍል፣ ለትርፍ ብቻ የማያስብ ባለቤት ነበረው። ትንሿ ባቡሩ ጎብኚን እስከ ጫፉ ታደርሳለች፤ ይህም ሰው መግቢያው ላይ ብቻ ተጫውቶ የመመለሱን ችግር ያቃልላል። ቦርንማውዝ ደግሞ በ2014 ከፒየሩ ወደ አሸዋው በሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ የሚወረድበት ጨዋታ ተከለ፤ ጫፉ ገቢ እንዲያመጣ የተደረገበት ሌላ መንገድ ነበር።

ከሁሉም የሚያበረታታው ክሊቭደን ነው። በብሪስቶል ባሕረ ሰላጤ፣ ውኃው በዓለም ላይ እጅግ ከፍ ብሎ ከሚሞላባቸው ቦታዎች በአንዱ፣ በ1869 የተሠራው ይህ ቀጭን ፒየር ምሰሶዎቹ ከአሮጌ የባቡር ሐዲድ የተሠሩ ናቸው። በ1970 ለመድን ሲባል ጥንካሬው በክብደት ሲፈተን ሁለት ክፍሎቹ ተደርምሰው ባሕር ገቡ። ምክር ቤቱ ሊያፈርሰው ጠየቀ፤ የአካባቢው ሰዎች በሕዝብ ፊት በተካሄደ ምርመራ ተከራክረው አስቀሩት። ከዚያም ተፈታትቶ ተወስዶ፣ እያንዳንዱ ክፍል ታድሶ፣ ተመልሶ ተገጠመ። በ1989 ተከፈተ፣ ጫፉ በ1998 ተጠናቀቀ። በበጎ አድራጎት ድርጅት ይተዳደራል፤ ዛሬም ዌቨርሊ የተባለችው በባሕር ላይ የምትጓዝ የመጨረሻዋ ባለ መቅዘፊያ ጎማ የእንፋሎት መርከብ እየመጣች መንገደኛ ታሳፍርበታለች።

አዲስ ፒየር ይሠራል?

እምብዛም። በ1940 መርከብ የሰበረባትን የተካችው ዲል በ1957 የከፈተችው ፒየር ብረቱ በኮንክሪት የተሸፈነ ነው፤ ጫፉ ላይ ከቡና ቤትና ከዓሣ አጥማጆች ሌላ ብዙ ነገር የለም። በሰፎክ የምትገኘው ሳውዝወልድ ፒየር ደግሞ ማዕበልና ጦርነት ቆራርጠውት ከምድር እምብዛም የማይርቅ ሆኖ ነበር፤ አዲስ ባለቤቶች አስረዝመውት በ2001 ተከፈተ። ርዝመቱ 190 ሜትር ነው። በላዩ ላይ በእጅ የተሠሩ የሳንቲም መጫወቻዎች፣ ምግብ ቤትና ሱቆች አሉ፤ መግቢያው ነፃ ነው።